ሰውና ስፍራው በግርማ በርታ ፎቶግራፎች

የፎቶግራፍ ጥበብ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት የሆኑት አርመናውያን ፎቶግራፍ አንሺዎች ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ገጸ ምስል ሲያነሡ ኖረዋል። ጥበቡ ወደ ከተማው ነዋሪ ሲወርድም ፎቶ ቤቱ ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ቀጠለ። ተነሺው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጉሩን አበጥሮ፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የዕለት ሥራው፣ የሚኖርባት ጎጆና የሚመላለስበት መንገድ ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራሉ። ለመታወቂያ የሚፈለገው ጉርድ ፎቶም ከዚህ የባሰ ነው፤ የሚሻው ፊትን እንጂ ሰውን አይደለም።

እንግዲህ የተራውን ሰው የዕለት ኑሮ ርእሰ ጉዳዩ ያደረገ ፎቶግራፍ ሲቀርብ፣ የሐያሲው ጥያቄ «ሥዕሉ አምሯል ወይ?» በሚለው ብቻ ሊወሰን አይችልም። «ሰውየው ከነኑሮው ታይቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄም መነሣት አለበት። የግርማ በርታ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» የተሰኙት ተከታታይ ሥራዎች ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚያስነሡ ናቸው።

ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደ፣ ፎቶግራፍን ራሱን በራሱ ያስተማረ ከያኒ ነው። መሣሪያው በአማተር እጅ ሁሉ የሚገኘው ዓይነት፣ ማለትም የአይፎን ስልክ ነበር። በዚሁ ስልክ የአዲስ አበባን ጎዳና ሲያነሣ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድርጅቶች በጋራ ከሚሰጡት የ10 ሺህ ዶላር ድጋፍ ተቀባዮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። በዚያ ዓመት ድጋፉን ያገኙት ከመላው ዓለም ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ ነገሩ ለአማተሩ ሁሉ የሚያበረታታ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሽልማት የሥራ ማስረጃ እንጂ የሥራ መመዘኛ አይደለም። መመዘን ያለበት ሥራው ራሱ ነው።

የሥራው ስልት ቀላል ይመስላል። ፎቶግራፍ አንሺው በጎዳና ላይ የሚነግዱ፣ ሸክም ተሸክመው የሚያልፉ፣ ወደ ጉዳያቸው የሚገሰግሱ ሰዎችን ያነሣል፤ ከዚያም ሰውየውን ከነጥላው ብቻ ነጥሎ ያወጣና በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያሳርፈዋል። አጥሩ፣ ታክሲው፣ ማስታወቂያው፣ የአላፊ አግዳሚው ግርግር ሁሉ ይጠፋል።

ስልኩ ከትልቅ ካሜራ ይልቅ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ትልቅ ካሜራ ሲደገን መንገደኛው ይቆማል፣ ልብሱን ያስተካክላል፣ ፎቶ ቤት የገባ ያህል ይሆናል። ስልክ ግን ማንም የሚይዘው ዕቃ በመሆኑ እርምጃን አያቋርጥም። የአማተር እድገት ግን ከመሣሪያው ሳይሆን ከምርጫው ይለካል። ጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ ያየውን ሁሉ በአንድ ሥዕል ውስጥ ለማጎር ይሻል፤ የበሰለው ደግሞ መቀነስን ያውቃል። ከዚህ አንጻር «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» የብስለት ሥራ ነው። በግርግር መካከል ማንም ልብ የማይለው ተሸካሚ፣ ግርግሩ ሲነሣለት አንገቱ እንዴት እንደተቀለሰ፣ እግሩ ክብደቱን እንዴት እንደሚያካፍል ጎልቶ ይታያል። ቀድሞ ለመኳንንቱ ብቻ ይሰጥ የነበረው ባዶና የተከበረ ስፍራ ለዕለት ሠራተኛው ተሰጥቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጥያቄው እዚህ ላይ አያበቃም። ከያኒው የፎቶ ቤቱን የተሳለ መጋረጃ ከጣለ በኋላ በምትኩ የቀለም መጋረጃ ሰቅሏልና። በሁለቱም ዘንድ የሚጠፋው ሠፈሩ ነው። በሌላ ከተማ ይህ የቅርጽ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታለፍ ይችል ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ግን ሊታለፍ አይገባም። ልደታን መመልከት ይበቃል። በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው፣ ከቦሌ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረበት ይህ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በመልሶ ማልማት ሥራ መልኩ ተለውጧል። የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የቀላል ባቡር ሁለት መስመሮችም በጋራ ተጉዘው የሚለያዩት በልደታ ጣቢያ ነው። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። የቀድሞው መንገድ፣ የጋራው ግቢ፣ ጉልቱ የት እንደነበረ ለልጅ ለማሳየት የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው። ሰውን ከስፍራው የሚነጥል ሥዕል፣ ከተማው ራሱ የሚያደርገውን ሳያውቅ ይደግመዋል።

የማይክል ፀጋዬ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ማይክል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመርቋል፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ፊቱን ወደ ፎቶግራፍ መለሰ። «የመጪው ዘመን ትዝታዎች» በተሰኙት ሥራዎቹ በመፍረስና በመታነጽ ላይ ያለችውን አዲስ አበባን በጥቁርና ነጭ መዝግቧል። በእርሱ ዘንድ ስፍራው ይናገራል። አንዱ ስፍራውን አክብሮ ይይዛል፤ ሌላው ሰውየውን አክብሮ ያወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይገልጣል።

ሆኖም ግርማ ስፍራውን ጨርሶ አላጠፋውም። ጥላውን ትቶታል። ጥላ ያለ መሬት አይወድቅም፤ ርዝመቱም የፀሐይዋን ሰዓት ይናገራል። በተጨማሪም ሠራተኛው የተሸከመው ዕቃ፣ የለበሰው ልብስ፣ የተጫማው ጫማ ሠፈሩን በከፊል ይዘው ይመጣሉ። ሥራዎቹ የሚሰምሩት እነዚህ ምልክቶች ሲበረቱ ነው። ቀለሙ ከሰውየው በልጦ ሲጮህ ግን ሠራተኛው ወደ ጌጥነት ይወርዳል፤ ተመልካቹም ቀለሙን አድንቆ ድካሙን ይረሳል። ከያኒው ሊጠነቀቅለት የሚገባው ድንበር ይህ ነው።

ለመምህሩና ለአማተር ፎቶግራፍ አንሺው ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መቀነስን መማር ተገቢ ነው፤ የተቀነሰው ግን መጣል የለበትም። የቀድሞዎቹ ቤተሰቦች ከፎቶው ጀርባ ስምና ቀን ይጽፉ ነበር። ዛሬም የጎዳናውን ስም፣ ዕለቱንና ሰውየው የሚሠራውን መመዝገብ፣ ያልተቆረጠውንም ዋናውን ሥዕል ማስቀመጥ ከጥበቡ ሥራ አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል። ያን ጊዜ በደማቁ ቀለም ላይ ብቻውን የቆመው መንገደኛ፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ትውልድ ሲነሣ መልስ የሚሰጥለት አያጣም።