ዋግምት፦ ቀንዱ ደም ይመርጣል እንዴ?

«መጥፎውን ደም መጥጦ ያወጣል» ይባላል ስለ ዋግምት ወይም ሂጃማ። እስቲ እንፈትሸው። ቀንዱ ወይም ብርጭቆው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ሲቀንስ ቆዳ ወደ ላይ ይሳባል፤ በምላጭ ከተበጣው ቦታም ደም ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው! ግፊት ግን ደም አይመርጥም፤ ያገኘውን ነው የሚስበው። ደሙ ረግቶ መጥቆሩም የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ ማንኛውም ጤነኛ ደም ከሰውነት ሲወጣ ይረጋል። ማጣራት የኩላሊት ሥራ ነው፤ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራሉ።

ታዲያ ከዋግምት ምን ትጠብቃላችሁ? ክብ ምልክት፣ ቁስል፣ አንዳንዴም ጠባሳ። ሕመም ቀለል አለን የሚሉ አሉ፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ሌላ ሰው የተበጣበት ምላጭ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን እና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ደም ማነስ ካለባችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ይቅርባችሁ። «የግፊት ኪኒንህን ተወው» የሚል ዋጋሚ ካጋጠማችሁ ግን፣ ኪኒኑን ሳይሆን ዋጋሚውን ተዉት።