ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጡ

ጓሮው የተበላበት ሰው ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ልርጭበት?» ነው። የእኔም መልስ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ቅጠሉን ገልብጠው አይተዋል?» አዲስ አበባ ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንች እያለማሁ ስኖር ከሱቅ የተገዛ መርዝ ግቢዬ አልገባም። በዚህ ሥራ የጨበጥኩት አንድ እምነት አለ። በቤት የሚዘጋጅ መድኃኒት ኃይሉን የሚያገኘው ከሚያዘጋጀው ሰው ዓይን ነው። ተባዩን ያላወቀ ሰው የቱንም ያህል ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቢወቅጥ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ክሽክሽን እንውሰድ። የጎመን ቅጠል ተጨማዶ ወዙን ሲያጣ ገልብጡት። ከሥሩ አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ግራጫ ነፍሳት ተጠጋግተው ሰፍረው ታገኛላችሁ። ያ ግራጫ ነገር ሰም ነው፤ ተራ ውሃ ሲረጭባቸው ተንሸራትቶ የሚወርደውም በእሱ ምክንያት ነው። ሳሙና ሲገባበት ግን ውሃው ገላቸውን ያርሳል፣ መተንፈሻቸውንም ይደፍናል። ለ1 ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ከዚህ ከበዛ የቅጠሉን የራሱን ሰም ያነሣና ያቃጥለዋል። በረኪና ያለበት ነገር ፈጽሞ አይሆንም። የሚረጨው በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከቅጠሉ ሥር ነው። ጎመኑ ከመቀንጠሱ በፊት ደግሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

ብዙ ሰው «ሳሙናው አልሠራልኝም» የሚለው ሁለት ነገር ስላልተነገረው ነው። አንደኛ፣ ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሳለ የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ኃይል የለውም። ሁለተኛ፣ ሴቷ ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልጋት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ የተወለዱትም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ በተራቸው ይወልዳሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ርጭት ያመለጡ ጥቂቶች ጎመኑን እንደገና ለመሙላት ጊዜ አይፈጅባቸውም። በየአራትና በየአምስት ቀኑ ለሁለት ሦስት ዙር መደጋገም ግድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለጓሮም ይሠራል፤ አንድ ቅጠል ላይ ሳሉ የታዩ ክሽክሾች በጣት ይጠረጋሉ፣ ሥራውም እዚያው ያልቃል።

ዓይን የሚያስፈልገው ጠላትን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ወዳጅንም ለመለየት ነው። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። ልጇን ግን ብዙ ሰው አያውቃትም። ረዘም ያለች፣ ጠቆር ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ያላት፣ ስትታይ የምታስፈራ ትል ናት። ክሽክሽ እየበላች የምታድገው እሷ ሆና ሳለ ተባይ መስላቸው የሚጨፈልቋት ብዙዎች ናቸው። በክሽክሾቹ መካከል ያበጡና ቡናማ ሆነው የደረቁ ካያችሁ ደግሞ፣ አንዲት ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ውስጣቸው አኑራለች ማለት ነው። እነዚህ ረዳቶች በብዛት ባሉበት ቅጠል ላይ እኔ ሳሙናም አልረጭም። ጉንዳን በጎመኑ ግንድ ላይ ሲመላለስ ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል፤ ቀድሞ መባረር ያለበት እሱ ነው። ዩሪያ ማብዛትም ቅጠሉን አለስልሶ ክሽክሽ ይጠራል።

ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ላይ ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ ሥራው የቆራጭ ትል ነው። ቀን ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል ቅጠል ላይ የሚረጭ ነገር አያገኘውም። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ብትጭሩ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለቀሩት ችግኞች ከካርቶን ወይም ከሃይላንድ ጠርሙስ ቀለበት ቆርጦ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብሮ ግንዱን መክበብ ይበቃል። የእጅ ሥራን አንናቀው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጤ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ ብዙ በቆሎ አምራቾች የተከላከሉት ትሉን ከበቆሎው እምብርት በእጃቸው እየለቀሙ ነው።

በእህል ጥበቃ አርሶ አደሮቻችን ያላቸው ዕውቀት ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ማሽላ ወይም ሽምብራ ሲያስቀምጡ ከጤፍ ጋር ይደባልቁታል። የጤፍ ፍሬ በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላውና ነቀዝ የሚንቀሳቀስበትና የሚራባበት ቦታ ያጣል። እህሉ ሲፈለግ ጤፉ በወንፊት ይለያል፤ አንዱም አይባክንም። የተነፋ ደረቅ አመድም እንዲሁ ክፍተት ይሞላል፤ ከዚህም ሌላ የነፍሳቱን የሰም ልባስ ፍቆ ያደርቃቸዋል። ለቤት የሚቀመጥ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከሆነ፣ ለ1 ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አድርጎ በደንብ ማሸት ፍሬው ላይ የተጣለውን እንቁላል ያፍነዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እህሉ በሚገባ ደርቆ ሲገባ ነው።

ከቦታ ጋር የማይስማማ መድኃኒትም አለ። የኒም ዛፍ ድሬዳዋንና ሌሎች ቆላማ አካባቢዎችን ይወዳል እንጂ የአዲስ አበባን ብርድ አይወድም። ዛፉ ያላቸው ሰዎች የደረቀ ፍሬውን ወቅጠው ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል አድርገው አሳድረው፣ አጣርተው ይረጩት። ኒም ትሉን ወዲያው አይጥልም፤ መብላቱን ይቀንሰዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያውከዋል። ፀሐይ ቶሎ ስለምታከስመው የሚረጨው ወደ ማታ ነው።

ስለ ማየት ሳነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶዱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ እሳቸው ቆመው ምክንያቱን ጠየቁ። በዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ያው እንዶድ ታዲያ ዓሣም ይገድላል፤ ትርፉ ወደ ወንዝ አይደፋም። ከቤት የወጣ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የትንባሆ ውሃ ኒኮቲኑ በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ ሰውንም ይመርዛል። በቲማቲም ላይ ደግሞ የቫይረስ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ስለዚህ እኔ አልጠቀምበትም፣ ለማንም አልመክርም። ማንኛውም ውህድ ልጅ ውሃ መስሎት በሚያነሣው የሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይዘጋጃል። ከሁሉ የከፋው ለነቀዝ ተብሎ በየገበያው የሚገኘው የአልሙኒየም ፎስፋይድ እንክብል ነው። የሚለቀው ጋዝ ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ካለ እህል ውስጥ መጨመር የቤተሰብን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው።

እናንተም በሳምንት ሁለት ጊዜ ጓሯችሁን ዙሩ፤ ልጆቻችሁንም አስከትሉ። ቅጠል ገልብጡ፣ አፈር ጫሩ፣ የእህሉን ከረጢት ፈትታችሁ በእጃችሁ ዝገኑ። ያገኛችሁትን ተባይ ማንነቱን፣ አኗኗሩን ለይታችሁ እወቁ። ሳሙናውም አመዱም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።