«ዌር»ና «ለበሰ»፤ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ በአማርኛ ፍች

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በተመለሱ ጽሑፎች ውስጥ ጫማ ሲለበስ፣ መነጽር ሲለበስ፣ የእጅ ሰዓት ሳይቀር ሲለበስ ማንበብ እየተለመደ መጥቷል። ተርጓሚዎቹ አማርኛ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም፤ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ተነሥተው ቤታቸው ሲገቡ ልጃቸውን «ጫማህን አድርግ» እንጂ «ጫማህን ልበስ» አይሉትም። እንግዲህ ስሕተቱ የሚመነጨው ከቋንቋ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛው «ዌር» ትይዩ «ለበሰ» የሚል አንድ ቃል አስቀምጦ ከሚያልፍ የመዝገበ ቃላት ልማድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ያንን ልማድ ነው።

እንግሊዝኛው «ዌር» በሰው ገላ ላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ካፖርትም፣ ባርኔጣም፣ ጫማም፣ ቀለበትም፣ ሽቶም፣ ጺምም፣ ፈገግታም ቢሆን ግሡ አንድ ነው። አማርኛ ግን በዚህ አይረካም። ነጋዴው ሱሪ ወይም ዝናር ይታጠቃል፤ መነኵሴው ቆብ ይደፋል፤ ካህኑ ጥምጣም ይጠመጥማል፣ ካባም ይደርባል፤ ባልቴቷ ነጠላ ትከናነባለች፤ ሙሽራዪቱ ሐብል ታጠልቃለች። ሽቶ ይቀቧል፤ ኩል ይኳሏል፤ እንሶስላ ደግሞ ይሞቋል። ጺም ግን ያሳድጉታል እንጂ ሌላ ምንም አያደርጉትም።

ይህን መዓት ግሥ የተመለከተ ሰው አማርኛ የሚለየው በአካል ክፍል ነው፣ ለራስ አንድ፣ ለወገብ አንድ፣ ለእግር አንድ ግሥ መድቧል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባርኔጣም ሻሽም በራስ ላይ ናቸው፤ ሆኖም ባርኔጣ ይደፋል፣ ሻሽ ይታሰራል። ምክንያቱን «ደፋ» ራሱ ይነግረናል። ድስት ተደፋ ስንል አፉ ወደ ታች ተገለበጠ ማለታችን ነው፤ ባርኔጣና ቆብ፣ ዘውድም ጭምር፣ እንደ ተገለበጠ ዕቃ በራስ ላይ ስለሚቀመጡ ይደፋሉ። ሻሽ ክፍት ጨርቅ ስለሆነ የሚይዘው ቋጠሮው ነው። «አጠለቀ» ደግሞ ቀዳዳ ያለውን ነገር ይሻል፤ ቀለበት፣ አምባር፣ ሐብል፣ ጓንት። ስለዚህ የአማርኛው መለያ ዕቃው በገላ ላይ የሚጸናበት አኳኋን ነው፤ የአካሉ ክፍል ተከታይ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነጠላ ነው። ጨርቁ አንድ፣ ለባሹም አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ግሡ እንደ አለባበሱ ይለወጣል። ራስን ከሸፈኑበት ተከናነቡት ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም መስቀለኛ ያጣፉታል፤ ከወገብ በታች ከጠቀለሉት አገለደሙት፤ በትከሻ ላይ እንዲያው ከወረወሩት ጣል አደረጉት። በመኳንንት ፊት ለመቆም አሳጥረው ሲያስሩት አደገደጉ ተባለ፤ ከዚያም ቃሉ ከጨርቁ ተላቅቆ ለባለሥልጣን ማጎብደድን የሚገልጽ ሆነ። እንግሊዝኛው ልብ ወለድ ውስጥ «ነጠላ ዌር አደረገች» ተብሎ ቢጻፍ፣ ተርጓሚው ሴትዮዋ ወደ ገበያ እየሄደች ይሁን ወደ ቅዳሴ ሳያውቅ ግሡን ሊመርጥ አይችልም። ወደ ኋላ ተመልሶ ገጹን ማንበብ ግዴታው ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም ከእንግሊዝኛ የራቁ ናቸው። ጃፓንኛ በእውነት በአካል ክፍል የሚሄድ ነው፤ ከላይ የሚለበሰው «ኪሩ»፣ ከወገብ በታች ያለው «ሃኩ»፣ በራስ ላይ ያለው «ካቡሩ» ይባላል። በመሆኑም ሱሪና ጫማ በጃፓንኛ አንድ ግሥ ሲጋሩ በአማርኛ ይለያያሉ። የሥጋ ዘመዳችን ዕብራይስጥ ግን ይበልጥ ይመስለናል። «ላቫሽ» የእኛው «ለበሰ» ነው፤ ይሁን እንጂ ለጫማ «ናዓል»፣ ለባርኔጣ «ሐቫሽ»፣ ለቀበቶ «ሐጋር»፣ ለጌጣጌጥ «ዓናድ» ይላል፤ ካልሲ እንኳ «ጋራቭ» የሚል የራሱ ግሥ አለው። ጫማና መጫማት፣ ጥምጣምና መጠምጠም በእኛ ዘንድ ከአንድ ሥር እንደ ወጡ፣ በዚያም ጫማውና ግሡ፣ ካልሲውና ግሡ ከአንድ ሥር ናቸው። ዐረብኛ በዛሬው ንግግር «ለቢሰ»ን አስፍቶ ይጠቀማል፤ በጥንታዊው ግን ጫማ ለመጫማት፣ ጥምጣም ለመጠምጠም፣ ቀለበት ለማጥለቅ የተለዩ ግሦች አሉት።

እዚህ ላይ «አደረገ» የሚለውን ግሥ በንቀት ማለፍ አይገባም። አንዳንድ የቋንቋ ወዳጆች የሰነፍ ቃል ነው ይሉታል። እኔ ግን አልስማማም። ጃፓንኛም ለሐብልና ለጓንት፣ ለመሳሰሉትም «ሱሩ»ን፣ ማለት «አደረገ»ን ይጠቀማል፤ የዕብራይስጥ ተናጋሪም በዕለት ንግግሩ ለመነጽሩና ለባርኔጣው «ሳም»፣ ማለት «አኖረ» ማለት ይቀናዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ አገራችን በገባ ጊዜ፣ አብዛኛው ሕዝብ ማንም ሳያስተምረው «ማስክ አድርጉ» አለ። ገና ግሥ ያልወጣለት እንግዳ ዕቃ ሲመጣ «አደረገ» ይቀበለዋል። «ማስክ ልበሱ» የሚለው ግን በአብዛኛው የተርጓሚ ወረቀት የወለደው ነው።

ከግሥ ምርጫው የሚከፋ ሌላ ስሕተት አለ፤ እርሱም የጊዜ ስሕተት ነው። «ዌር» የሚገልጸው ሁኔታን ሲሆን «ለበሰ» የሚገልጸው ድርጊትን ነው። ፈረንሳይኛ ድርጊቱን «ሜትር»፣ ሁኔታውን «ፖርቴ» ብሎ በሁለት ግሥ ይለያል፤ እንግሊዝኛም ለድርጊቱ ሌላ ቃል አለው። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚያሳየው በግሡ ርባታ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ተከትሎ «ቀይ ቀሚስ እየለበሰች ነው» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፣ ሴትዮዋን አንድ እጇ በእጅጌው ገብቶ ሌላው ገና ሳይገባ ያቆማታል። ደራሲው የፈለገው «ቀይ ቀሚስ ለብሳለች» ነበር። በትረካ «ለብሳ ነበር»፣ ልማድ ሲሆን «ትለብሳለች» ይሆናል። ይህ ስሕተት ከቃል ስሕተት ይልቅ አደገኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ንጹሕ ስለሆነ አራሚው ሳያየው ያልፋል።

«ዌር» ማለቅንና ማርጀትንም ይገልጻል፤ ልብስ በመለበስ ብዛት ከማለቁ የመጣ ፍች ነው። በዚህም ረገድ አማርኛ ዝርዝር ያውቃል፤ ጨርቅ ይነትባል፣ ገመድ ይሳሳል፣ ቢላዋ ይዶለዱማል፣ አፈር ይሸረሸራል፣ የመኪና ጎማ ያልቃል፣ ብረት ይበላል። ይህ ራሱን የቻለ መግቢያ ቃል ሆኖ ሊመዘገብ ይገባዋል።

መዝጋቢው ምን ያድርግ? በአማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ታጠቀ፣ ደፋ፣ ተጫማ፣ አጠለቀ በየፊደላቸው ተበታትነው ስለሚገኙ፣ ከእንግሊዝኛ የሚነሣ ተርጓሚ በአንድነት ሊያያቸው አይችልም። እነርሱን በአንድ ጣራ ሥር የመሰብሰቡ ተራ የእንግሊዝኛ–አማርኛው መዝገብ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ የማሳየትን መንገድ ከፍተዋል፤ በዚያው መንገድ መግፋት ይቻላል። በ«ዌር» ሥር ግሡ ብቻውን አይቀመጥ፤ ከሚይዘው ዕቃ ጋር ይቀመጥ፤ ምሳሌውም «ለብሷል» በሚለው ቅርጽ ይሰጥ። «ቀለበት አደረገ»ና «ቀለበት አሰረ» ጎን ለጎን ተጽፈው፣ ሁለተኛው የመተጫጨት ወግ መሆኑ ይነገር።

የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችንም በዚሁ መመርመር ይቻላል። በአንድ የግንባታ አጥር ላይ ከእንግሊዝኛው ሥር «የራስ ቁር መለበስ አለበት» የሚል ተጽፎ አይቻለሁ። «የራስ ቁር ሳይደፉ መግባት ክልክል ነው» ቢባል ኖሮ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ማስታወቂያውን ለሠራተኞቹ በሌላ አማርኛ መተርጐም ባላስፈለገው ነበር።