በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ስም የተጻፈችው ቀኖና

ፍትሐ ነገሥት በመጻሕፍት ቤት ከሊቃውንት ጋራ የሚተረጐም፣ በዐደባባይም ለፈራጆች መሠረት ሆኖ ብዙ ዘመን የኖረ መጽሐፍ ነው። ካሉት 51 አንቀጾች 22ቱ የቤተ ክህነትን፣ የቀሩት የቤተ መንግሥትንና የሕዝብን ሥርዐት ይናገራሉ። በዐረብኛ ያዘጋጀው በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግብጽ ሊቅ ኢብን አል አሳል ሲሆን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ሆነ ትውፊት ይነግራል። የመጽሐፉ ክብር የታወቀ ስለ ሆነ ምስጋና አይጨመርለትም። ዳሩ ግን መጽሐፉ ክቡር ስለ ሆነ በውስጡ የተሰበሰበው ቃል ሁሉ ከአንድ ምንጭ ተቀዳ ማለት አይደለም። ንባቡን ከምስጢሩ፣ ምስጢሩንም ከታሪኩ ማስማማት የትርጓሜ መምህራን የቆየ ልማድ ነው።

ስለ ሊቃነ ጳጳሳት በሚናገረው በአራተኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን በስሟ የምትጠራ አንዲት ቀኖና አለች። ቃሏ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዎች ከሊቃውንቶቻቸው መርጠው በገዛ ፈቃዳቸው ሊቀ ጳጳሳት አይሹሙ፤ ጳጳሳቸው ከእስክንድርያው መንበር እጅ በታች ነውና። የሚሾምላቸውም ጳጳስ የስም ክብር ይኑረው እንጂ እንደ ሊቀ ጳጳሳት ለመሾም ሥልጣን አይኑረው። በሮም ምድር ጉባኤ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከሴሌውቅያው መምህር ቀጥሎ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ በኒቅያ የተሰበሰቡት የ318ቱ አባቶች ቃል ነው ተብሎ ተጽፏል።

የቃሏን አሠራር ላስተዋለ ሰው ቀኖናዪቱ ወንበሩን ሰጥታ በትሩን ትከለክላለች። ባለቅኔ ቢመለከታት ሰሟ ክብር፣ ወርቋ እስራት ነው ባለ ነበር። ሹመትን ከመከልከሏ ጋራ የጉባኤ መቀመጫን ማከሏ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተከለከለው ሰው የተከበረ መስሎት ዝም እንዲል ነው። እንዲህ ያለው ንግግር የጠበቃ ንግግር ነው፤ አንድ ክርክር አስቀድሞ እንደ ነበረና ጸሓፊውም ለአንዱ ወገን እንደ ቆመ ያስታውቃል።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። በኒቅያ በ325 (በኤውሮፓውያን ቍጥር፤ ከዚህ በታች ያለ «ዓ.ም.» የተጻፈው ሁሉ እንደዚሁ ነው) የተወሰኑት ቀኖናዎች 20 ብቻ ናቸው። በዐረብኛ የተሰበሰቡትና ወደ ፍትሐ ነገሥት የገቡት ግን 84 ደርሰዋል። ከ20ዎቹ ስድስተኛው የእስክንድርያን ሥልጣን ሲወስን ግብጽን፣ ሊቢያንና ጴንጣጶሊስን ይጠራል፤ ኢትዮጵያን አይጠራም። ሊጠራትም ምክንያት አልነበረውም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ጵጵስናን የተቀበሉት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው፤ ቅዱስ አትናቴዎስም መንበረ ማርቆስን የያዙት በ328 ነው። እንግዲህ ጉባኤው ሲደረግ ኢትዮጵያ ገና ጳጳስ አልነበራትም። ያልተወለደ ልጅ ከርስቱ እንዳይካፈል አስቀድሞ የሚፈርድ ዳኛ እንደሌለ ሁሉ፣ 318ቱም ላልመጣ ጳጳስ የሥልጣን ወሰን አላበጁም።

ቀኖናዪቱ ለማን እንደ ጠቀመች ለማወቅ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳትን ታሪክ ማየት ይበቃል። ገብርኤል ኢብን ቱራይክ በመንበሩ በነበሩ ጊዜ (1131–1145) የኢትዮጵያ ንጉሥ የኤጲስ ቆጶሳቱ ቍጥር ከሰባት ከፍ እንዲል ለመነ። ኸሊፋው በመጀመሪያ ልመናውን ደግፎ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ ግን ቍጥራቸው ዐሥር የሞላ እንደ ሆነ ራሳቸው ሊቀ ጳጳሳት ይሾማሉ፣ ከመንበሩም ይለያሉ ብለው አስረድተው ነገሩን አስቀሩት። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በእስላም ንጉሥ ዐደባባይ ሲመከርበት ማየት የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ የቀኖናዪቱ ጭንቀት ከወዴት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ የለም።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር በዚያው በአራተኛው አንቀጽ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያን የከለከለው ያው የቀኖና ስብስብ የሮማውን የጴጥሮስን መንበር ከሊቃነ ጳጳሳት ሁሉ በላይ ራስ ያደርጋል። ሁለቱም በ318ቱ ስም ተጽፈዋል። የፊተኛውን የአባቶች ቃል ነው ብሎ የሚቀበል ሁለተኛውን በምን ይመልሳል? የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን የሮማን ራስነት አንድ ቀን አልተቀበሉም። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ በያዙ ጊዜ ሕዝቡና ካህናቱ ደም እስኪፈስ ተቃወሟቸው፤ በ1632ም ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። እንግዲህ ሊቃውንቱ በቃል ባይናገሩትም በሥራ አንዱን ቃል ይዘው ሌላውን ትተዋል፤ ይህም መምረጥ ነው።

በምዕራብ አገርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የሮማ ፓፓዎች ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ምዕራቡን ሁሉ ሰጥቶናል የሚል ደብዳቤ ብዙ ዘመን ለሥልጣናቸው ምስክር ያደርጉት ነበር። ሎሬንሶ ቫላ የሚባል ሊቅ በ1440 የደብዳቤውን ላቲንኛ መርምሮ ቃሉ ከቈስጠንጢኖስ ዘመን በኋላ የተጻፈ መሆኑን አስረዳ። ቫላም በዚያን ጊዜ ከፓፓው ከአራተኛው ኤውጌንዮስ ጋራ ስለ ናፖሊ ይጣላ በነበረው በንጉሥ አልፎንሶ ቤት ያገለግል ነበር። እውነቱ እውነት ሆኖ ሳለ የተነገረበት ቤት የንጉሥ ቤት ነበር።

ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። ከ1378 እስከ 1417 ምዕራብ በሁለት፣ ኋላም በሦስት ፓፓዎች ተከፍሎ፣ ነገሥታቱ እያንዳንዳቸው የሚጠቅማቸውን ይከተሉ ነበር። የኮንስታንስ ጉባኤ (1414–1418) በንጉሥ ሲጊስሙንድ ብርታት ተሰብስቦ በ1415 ጉባኤ ከፓፓ በላይ ነው ብሎ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ግን ያን ሁስን በእሳት አቃጠለው። የባዝል ጉባኤ በ1439 ኤውጌንዮስን ሽሬያለሁ ሲል፣ የፈረንሳይ ንጉሥ አስቀድሞ በ1438 በቡርዥ ባወጣው ሕግ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሹመት ከፓፓው እጅ በብዙ አጥብቦ ነበር። በ1460ም ሁለተኛው ፒዮስ ከፓፓ ፍርድ ወደ ጉባኤ ይግባኝ የሚል ይወገዝ አለ። ፓፓና ጉባኤ ስለ በላይነት በተከራከሩበት ክርክር ትርፉን የወሰዱት ነገሥታት ናቸው።

ኤውጌንዮስ ባዝልን ለመርታት የምሥራቅ ክርስቲያኖችን ወደ ፍሎሬንስ በሰበሰበ ጊዜ፣ በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኰሳትም ከግብጹ አበ ምኔት ከአባ እንድርያስ ጋራ በዚያ ታዩ። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በ1445 በተፈጸመው የናስ መዝጊያ ላይ ይህ ጕዞ ተቀርጿል። ነገር ግን የአንድነቱን ውል በ1442 የተቀበለው አባ እንድርያስ ነው፤ መነኰሳቱም በንጉሡ የተላኩ ስላልነበሩ ውሉ ኢትዮጵያን አላሰረም። በናስ ላይ የተቀረጸ ሁሉ በልብ የተጻፈ አይደለም።

በዚያው ዘመን በአገር ውስጥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው፣ ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል በተገኙበት የሰንበታትን ክርክር አስታረቁ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ሲፈቀድላቸው፣ እነርሱ ደግሞ ክህነትን ከጳጳሳቱ መቀበልን ተስማሙ። ይህ የተመሰገነ ነው። የንጉሡ በትር ግን ከጉባኤው ጋራ አልተመለሰም፤ የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት በዚያ ዘመን ምን እንደ ደረሰባቸው ገድላቸው ይናገራል። ሁለቱ ጳጳሳት ካረፉ በኋላም ከግብጽ ሌላ ሳይመጣ እስከ 1481 ተቈየ። ይህን ያህል ብርቱ የነበሩ ንጉሥ በባዶው መንበር ላይ ከአገራቸው ሊቃውንት አንዱን አላስቀመጡም። ቀኖናዪቱን ፈርተው ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ክህነት ከቅዱስ ማርቆስ ጀምሮ በአንብሮተ እድ የሚወርድ እንጂ በዐዋጅ የሚገኝ እንዳልሆነ ማመናቸው ነው። ሐሰተኛው ጽሑፍ እውነተኛ ሃይማኖትን ተደግፎ ቆመ፤ ዕድሜውም ስለዚህ ረዘመ።

ይህ ነገር ለመቱና ለጎሬ፣ ለቡሬና ለበደሌ ካህናት የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት አራቱ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እጅ ኤጲስ ቆጶሳት ሲሆኑ፣ አቡነ ሚካኤል መንበራቸው በጎሬ ሆነ። ቀኖናዪቱ በዚያን ጊዜም ትሠራ ነበር፤ ለኤጲስ ቆጶሳቱ ሌላ ኤጲስ ቆጶስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። የስም ክብር እንጂ ሥልጣን አይኑረው የተባለው ቃል በኢሉባቦር ምድር በአንድ አባት ላይ ተፈጸመ። ዳሩ ግን በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ የመንግሥቱ ቅሬታ ወደ ጎሬ ተሰበሰበ። ጠላት ጎሬን በ1929 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ አቡነ ሚካኤል ለወራሪው አልገዛም ብለው በዚያው በጎሬ በጥይት ተገደሉ። ለሹመት ሥልጣን የተነፈገው እጅ ሰማዕትነትን ለመቀበል ሥልጣን አላነሰውም።

በ1930 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ለይቶ ራሷን አስቻለ፤ እስክንድርያም አወገዘች። ሊቃውንቱ ለዘመናት የተመኙት ነገር በወራሪ እጅ ቢቀርብ የምእመናንን ልብ አላገኘም። እውነተኛው ነጻነት የመጣው በ1940 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ነው፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ተባሉ። የሾሟቸውም የእስክንድርያው ፓትርያርክ ስድስተኛው ቄርሎስ ናቸው። ቀኖናዪቱን የሻራት ሰይፍ ሳይሆን፣ ያቺው በስሟ የተጻፈላት መንበረ ማርቆስ ናት።

ስለዚህ ቀኖናዪቱን ከመጽሐፉ ፍቆ ማውጣት አይገባም፤ ተርጓሚውም ያገኘውን በታማኝነት አስተላለፈ እንጂ አልበደለም። የሚገባው መምህሩ ንባቡን አንብቦ ሲያበቃ «ይህ በኒቅያ አልተወሰነም፤ ታሪኩም እንዲህ ነው» ብሎ ለደቀ መዝሙሩ ማስረዳት ነው። ለ318ቱ አባቶች ክብር የሚበጀው ያላሉትን አለማስባል ነው።