«እማማ፣ አንዴ ይቆዩ»

መቼም ክረምት ሲገባ እግሩን የሚበላው አዲስ አበቤ አይጠፋም። በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አንድ እሑድ፣ 20 ሆነን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ተያያዝነው። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ጉሙ ከፊት የሚሄደውን ይውጣል። እኛ ግን ሳቅ በሳቅ ነን። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ መውጣት ቀላል ነው እንዴ!

አጋማሹ ላይ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይመጣሉ። ሸክማቸው መንገዱን ሞልቶታል። እኛ ደግሞ ተደርድረን ፎቶ እየተነሣን ነበርና «እማማ፣ አንዴ ይቆዩ» አልናቸው። ቆሙ። በዝናብ፣ ከነሸክማቸው!

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የዚህችን ከተማ እንጀራ ስንት ዘመን ሲያስጋግር የኖረው በእነዚህ እናቶች ጀርባ እየወረደ ነው። እኛ ያንን እንጀራ በልተን ያደግን ልጆች፣ አንድ እርምጃ ዳር መያዝ አቃተን።

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ጎብኚ በዝቶለታል። እሰየው ነው። ብቻ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁ። እኛ የወጣነው ለእሑዳችን ነበር፤ እሳቸው ለእራታቸው።

ፎቶው ዛሬም አለኝ። የሃያችንም ጥርስ ይታያል። እሳቸው የሉበትም።