«ስለት»፣ «ርዝመት»፣ «መጠን»፣ «ጠንካራ እንጨት»፦ በአንድ የሞተር መጋዝ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት አተረጓጎም በብርቱ ከሚፈተንባቸው ጽሑፎች አንዱ የመሣሪያ መመሪያ ነው። የልብ ወለድ ተርጓሚ አንድ ቃል ቢስት አንባቢው ጣዕም ያጣል፤ የመመሪያ ተርጓሚ ቢስት ግን መሣሪያው ይበላሻል፣ ሠራተኛውም ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሞተር መጋዝ መመሪያ ሲሆን፣ የመረጥነውም ጠንካራ እንጨት ለመቁረጥ የመጋዙን ርዝመት ከሞተሩ ጋር ስለ ማመጣጠን የሚያትተውን ክፍል ነው። የተርጓሚው አማርኛ የጠራ፣ ዐረፍተ ነገሩም የተቃና መሆኑን አስቀድመን እንመሰክራለን። ሂሳችን የሚያተኩረው በአራት ስያሜዎችና በአንድ ግሥ ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ስለት» ነው። ተርጓሚው ይህን ስም የሰጠው ሰንሰለቱ ለሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። ይሁን እንጂ ብረቱ በጠርዙ ባለው ቦይ ሰንሰለቱን ይዞ ይመራል እንጂ አይቆርጥም፤ የሚቆርጡት በሰንሰለቱ ላይ የተደረደሩት ጥርሶች ናቸው። ጀርመኖችና ስዊድኖች በሙያ ንግግራቸው ይህንኑ ብረት «ሰይፍ» ይሉታል፤ ፈረንሳዮች ደግሞ «ሰንሰለት መሪ» ብለው ሰይመውታል። የኋለኛው ተግባሩን ስለሚገልጽ እኛም «መሪ ብረት» የሚለውን እናቀርባለን።

የስሙ ስሕተት ወደ ሐሳብ ስሕተት ይመራል። እርከኑ 3/8 ኢንች በሆነ የተለመደ ሰንሰለት ላይ ጥርስ ከጥርስ የሚራራቀው 1.5 ኢንች ያህል ነው። ስለዚህ 12 ኢንች ውፍረት ባለው ግንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት 8 ያህል፣ በ24 ኢንች ግንድ ውስጥ ደግሞ 16 ያህል ጥርሶች ናቸው። ሞተሩን በዋናነት የሚያደክመው ይህ ቁጥር ነው። መመሪያው «ስለቱ በረዘመ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል» ሲል ግን ድካሙ ሁሉ ከብረቱ የመጣ ያስመስላል። ረጅም መሪ ብረት ቀጭን ግንድ ሲቆርጥ ጥቂት ሰበቃ ይጨምር ይሆናል እንጂ የሚሠሩት ጥርሶች አይበዙም። ሸክሙ የሚከብደው ብረቱ እስከ ጫፉ በእንጨት ውስጥ ሲቀበር ነው።

ሁለተኛው «ርዝመት» ነው። መሪ ብረት ሁለት ርዝመቶች አሉት፤ አንዱ ከመጋዙ አካል ፊት እስከ ጫፉ ያለው፣ ሌላው በአካሉ ውስጥ የተሸሸገውን ጭራ የሚጨምረው ነው። «18 ኢንች»፣ ማለትም 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሲባል የሚነገረው የፊተኛው ነው። መመሪያው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለጠራቸው ብረቱን ፈትቶ በሜትር የለካ ሰው መለወጫ ሲገዛ መሳሳቱ አይቀርም። «የመቁረጫ ርዝመት» እና «ጠቅላላ ርዝመት» ተብለው ቢለዩ ችግሩ ይወገዳል።

ሦስተኛው «የሞተር መጠን» ነው። በዕለታዊ አማርኛ መጠን ሲባል ግዝፈትንና ክብደትን ያስባል፤ በመመሪያው የተፈለገው ግን ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጠርገው ይዘት ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 36 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይዘቱ 70.7 ሲሲ ይሆናል። ስለዚህ «የሲሊንደር ይዘት» ማለት ይሻላል። ይዘትና ኃይልም አንድ አይደሉም፤ እኩል ይዘት ያላቸው ሁለት ሞተሮች በኪሎ ዋት ሊበላለጡ ይችላሉ። መመሪያው ግን በኪሎ ዋት የሚለካውንም ሆነ የማሽከርከሪያውን ብርታት «ጉልበት» ብሎ ደባልቋቸዋል። «የፈረስ ጉልበት» በልማድ የጸና በመሆኑ ይቆይ፤ ሁለተኛው ግን «የማሽከርከር ጉልበት» ተብሎ መለየት አለበት።

አራተኛው «ጠንካራ እንጨት» ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ በሥርወ ቃሉ ጥንካሬን ቢያመለክትም፣ በእንጨት አመዳደብ የሚለየው ዘሩን ነው፤ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አባቢ ዛፎች ሁሉ ይጠቀልላል። በዚህ አመዳደብ ለአናጢ ምቹ የሆነው ዋንዛ ከወይራ ጋር «ጠንካራ» ሲባል፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ «ለስላሳ» ይባላሉ። ከእንጨቶች ሁሉ እጅግ ቀላል ከሆኑት አንዱ የሆነው ባልሳም ከ«ጠንካሮቹ» ወገን ነው። መጋዝ የያዘ ሰው ማወቅ የሚሻው ግን እንጨቱ ጥርስን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። በእኛ እምነት «ጠንካራ» የሚለው ቃል በአናጢው አፍ ያለውን ትርጉም እንደያዘ ይቆይ፤ ለዕፀዋት ምደባው «የሰፊ ቅጠል ዛፍ እንጨት» ይባል። መመሪያውም «እንደ ወይራ ያለ» የሚል ምሳሌ ቢጨምር አንባቢው አይደናገርም።

በመጨረሻም ግሡን እንመልከት። በሙያው የተለመደው ግምት ለጠንካራ እንጨት በ40 ሲሲ ገደማ ከ14 እስከ 16፣ በ50 ሲሲ ከ16 እስከ 18፣ በ60 ሲሲ ከ18 እስከ 20፣ በ70 ሲሲ ከ20 እስከ 24 ኢንች ነው፤ የአምራቹ ወሰን ግን ከዚህ ይቀድማል። መመሪያው ይህንን ወሰን «ይመረጣል» በሚል ቃል አለዝቦታል። የሚመረጥ ነገር ሊተውም ይችላል። ወሰኑ ሲጣስ ግን የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ዘይት ለሰንሰለቱ በበቂ አይዳረስም፣ ሠራተኛውም በክንዱ መግፋት ይጀምራል። በዚህ መካከል የመሪ ብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ቢነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ይፈናጠራል። ስለዚህ ትክክለኛው ግሥ «አይበልጥ» ነው።

ተርጓሚው የጣረበትን ሥራ ለማቃለል ይህን አልጻፍንም። ዐዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ዕቃውን ፈትቶ ማየት፣ ከዛፍ ቆራጩም ጋር መነጋገር እንደሚገባ ለማስገንዘብ ነው። ያቀረብናቸውን ስያሜዎች አንባብያን በተግባር ፈትነው እንዲያርሙልን እንጠይቃለን።