በቀዩ ንጉሥ ግቢ፦ የቅርጽ ተራማጅነትና የይዘት ጥያቄ

«ፕሮግረሲቭ ሮክ» የተባለውን የሙዚቃ ዘርፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ይሰናከላል። «ፕሮግረሲቭ» ተራማጅ ነው። ተራማጅ የሚለው ቃል ግን በእኛ ዘንድ ወደ ኪነ ጥበብ ገጾች ከመግባቱ በፊት በፖለቲካው መድረክ የኖረ፣ ከመደብ ትግልና ከኅብረተሰብ ለውጥ ጋር የተቆራኘ ከባድ ቃል ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ይህን ቅጽል ለአዲሱ ሙዚቃቸው የሰጡት እንግሊዛውያን በአብዛኛው የቅርጽን ነገር ማለታቸው ነበር፤ ይኸውም ከሦስት ደቂቃው የጭፈራ ዘፈን ወጥቶ ወደ ረጅሙ፣ ብዙ ክፍል ወዳለውና ከጃዝም ከኦርኬስትራም ወደሚቀዳው ድርሰት መራመድ። እንግዲህ ቅርጹ የተራመደ ሥራ ይዘቱም አብሮት ተራምዷልን? ይህን ለመመርመር የዘርፉ መነሻ ተብሎ በብዙዎች ከሚጠቀሰው ሸክላ የተሻለ አብነት አይገኝም።

ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ ልምምዱን ያደረገው በጃንዋሪ 1969 ነው። በአፕሪል ለንደን ውስጥ በሕዝብ ፊት ቀረበ። ጁላይ 5 ቀን በሃይድ ፓርክ ከሮሊንግ ስቶንስ በፊት ወጥቶ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫወተ። ኦክቶበር 10 ቀን ደግሞ «በቀዩ ንጉሥ ግቢ» የሚል ትርጉም ያለውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከአንድ ስመ ጥር አዘጋጅ ጋር የጀመሩት ቀረጻ ስላላረካቸው ጥለውት፣ በለንደኑ ዌሴክስ ስቱዲዮ ሥራውን ራሳቸው መርተው ጨረሱት።

ሮበርት ፍሪፕ ጊታር፣ ግሬግ ሌክ ቤዝ ጊታርና ድምፅ፣ ማይክል ጃይልስ ድራም፣ ኢያን ማክዶናልድ ሳክስፎን፣ ፍሉት፣ ክላርኔትና ሜሎትሮን ይጫወታሉ። ማክዶናልድ ሙያውን ያዳበረው በእንግሊዝ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በአልበሙ ውስጥ የሚሰማው የነፋስ መሣሪያዎች ቅንብር ሥርዓት ከዚያ የመጣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አምስተኛው አባል ግን መሣሪያ አይዝም። ፒተር ሲንፊልድ የባንዱን ስም ያወጣ፣ ግጥሞቹን የጻፈ፣ በመድረክ ላይም መብራቱን የሚመራ ሰው ነበር። በሸክላው ልባስ ላይ የሥራ ድርሻው «ቃላትና ብርሃን» ተብሎ ተመዝግቧል። ለመድረክና ለዜማ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ገጣሚ ዜማው ካለቀ በኋላ «ቃል ሙላበት» ተብሎ የሚጠራ እንግዳ በሆነበት ሙያ ውስጥ፣ እዚህ ከመሣሪያ ተጫዋቾቹ እኩል የቤቱ ባለቤት ነው። ስለዚህም ይህ አልበም እንደ ዘፈን ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ተውኔት ሊመዘን ይችላል።

አልበሙ አምስት ሥራዎችን ብቻ ይዟል። የመጀመሪያው «የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ስኪዞይድ ሰው» ይባላል። ስኪዞይድ ማለት ስሜቱ ከአሳቡ፣ ራሱም ከሰው የተነጠለ፣ በውስጡ የተሰነጠቀ ሰው ማለት ነው። መክፈቻው ነፋስ መሰል ጫጫታ ነው፤ ከዚያ ሳክስፎኑና ጊታሩ አንድ ከባድ ሐረግ በአንድ ድምፅ ይዘው ይፈነዳሉ። የሌክ ድምፅ ሆን ተብሎ ተበላሽቶ፣ በተበሳ ቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስል ሻክሮ ይሰማል። ግጥሙ እጅግ አጭር ነው። በአብዛኛው ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይሠራም፤ ሥዕል በሥዕል ላይ ይደረድራል። ናፓልም የሚያቃጥላቸው ንጹሐን፣ የፖለቲከኞች የሬሳ ማቃጠያ እሳት፣ የሚራቡ የገጣሚ ልጆች ይታዩበታል። ሥዕል ብቻ የሚደረድር ግጥም ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው አይናገርም ብሎ የሚከስ ሐያሲ ሊኖር ይችላል። መልሱ ግን በዘመኑ ላይ ነው። በ1969 ናፓልም የሚለውን ቃል የሰማ ሰው አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ፣ መንደሩም ቬትናም ውስጥ እንደሆነ ይነገረኝ አይልም ነበር። አድማጩ ያልገባው ቢኖር እንኳ፣ በዲሴምበር 1969 በሳን ፍራንሲስኮ ባቀረቡት ዝግጅት ላይ ፍሪፕ ዘፈኑን በምፀት ለአሜሪካው ምክትል ፕሬዚደንት ለስፓይሮ አግኒው አበርክቶታል።

የዚህ ሥራ ታላቅነት ግን በግጥሙ ብቻ አይደለም። በመካከሉ ያለው ፈጣን የመሣሪያ ክፍል ሲደርስ አራቱም ተጫዋቾች አንድ አስቸጋሪ ሐረግ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ድንገት ይቆማሉ፤ በዝምታው ውስጥ አንዲት ሰከንድ ሳትዛነፍ እንደገና ይነሣሉ። ይህ ሥርዓት የጦር ማሽን ሥርዓት ነው። ሥራው የሚያበቃው ደግሞ ይህ ሁሉ ሥርዓት ተፈርካክሶ ወደ ጩኸት ሲለወጥ ነው። ቃሉ ያወገዘውን ነገር ሙዚቃው በአካል ሠርቶ ያፈርሰዋል። ይዘትና ቅርጽ ተዋሐዱ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከዚህ ያነሰውን ከመጠን በላይ እናሞግሳለን።

ከዚያ ጩኸት በኋላ «ከነፋስ ጋር አወራለሁ» በፍሉት ይገባል። ለስላሳ፣ ቀላልና ሐቀኛ ነው። የሚናገረው ሰው ከሁሉም ነገር ውጭ ቆሞ ሲመለከት ግራ መጋባትንና ተስፋ መቁረጥን ያያል፤ የሚያዋየው ነፋስ ግን አይሰማውም። በንዑስ ከበርቴው ምሁር ላይ የሚሰነዘረውን የተለመደ ትችት እዚህ ላይ መሰንዘር ቀላል ነው። እኔ ግን ሲንፊልድ ይህን ተናጋሪ ያወድሰዋል ብዬ አላነብም። ከናፓልሙ ቀጥሎ መቀመጡ ራሱ ፍርድ ነው።

ሦስተኛው ሥራ «የመቃብር ጽሑፍ» ከአልበሙ ሁሉ ክርክር የሚያስነሣው ነው። የነቢያት ቃል የተጻፈበት ግንብ ይሰነጠቃል፤ ዕውቀት ልጓም ካጣ ገዳይ ወዳጅ ይሆናል፤ የሰው ልጅ ዕጣ በቂሎች እጅ ወድቋል። ኑክሌር የታጠቁ ኃይሎች ተፋጠው ባሉበት በዚያ ዘመን ይህ ሥጋት የአንድ ገጣሚ ቅዠት አልነበረም። ዜማው ዝግ ያለ የቀብር ጉዞ ነው፤ ከሥሩ የሚተመው ደግሞ የሜሎትሮን ድምፅ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ጥቂት መባል አለበት። ሜሎትሮን ፒያኖ የሚመስል የቁልፍ መሣሪያ ቢሆንም በውስጡ ክርም ቧንቧም የለውም። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በስተጀርባ አስቀድሞ የቫዮሊኖች ወይም የሌላ መሣሪያ ድምፅ የተቀረጸበት የቴፕ ቁራጭ አለ። ቁልፉ ሲነካ ቴፑ ይሮጣል፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል፤ ተጫዋቹ ጣቱን አንሥቶ እንደገና መጀመር ይኖርበታል። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ይህ ማሽን አባሎቹን ከእንጀራ ያፈናቅላል ብሎ መሥጋቱ የታወቀ ነው፤ የጉልበትና የማሽን ጥያቄ ወደ ኦርኬስትራውም ገብቶ ነበር ማለት ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ ግን ማሽኑ የኦርኬስትራ ርካሽ ምትክ ሆኖ አልቀረም። የሚሰማው ሕያው ቫዮሊን አይደለም፤ አንድ ቀን ቫዮሊን የነበረ ነገር ጥላ ነው። ትንሽ ይርገበገባል፣ ትንሽ ይዝጋል፣ ትንፋሹም አጭር ነው። ስለ ሥልጣኔ መቃብር ለሚናገር ግጥም፣ ከሌሎች ሰዎች እጅ ተነጥሎ በቴፕ ላይ ከቀረ ድምፅ የበለጠ አጃቢ ከየት ይገኛል? እውነተኛ የክር ኦርኬስትራ ቀጥረው ቢሆን ኖሮ ዘፈኑ ያምር ነበር፤ እውነትነቱ ግን ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ በሐያስያን መካከል የተሠራበት መለኪያ ነበር፦ ኪነ ጥበብ የነገን መንገድ ካላመለከተ አፍራሽ ነው፤ ተስፋ መቁረጥም የወደቀ መደብ ለቅሶ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን «የመቃብር ጽሑፍ» ወዲያውኑ ይወድቃል። መለኪያው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያምታታል። ነገሩ አብቅቷል ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ነገ እንዳላለቅስ እፈራለሁ ብሎ የሚናገር ሰው አለ። የኋለኛው ነገን ገና አልዘጋም፤ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ ነገ ሊኖር ይችል እንደነበር ምስክር ነው። አልቃሽም ሙታንን የምታስበው በሕያዋን ጆሮ ነው። መፍትሔ አልሰጠም ተብሎ የሚነቀፍ ግጥም፣ መፍትሔ መስጠት የነበረበት ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ባይነቀፍ ይሻላል።

«የጨረቃ ልጅ» ላይ ግን ለመሟገት አልነሣም። ከሁለት ደቂቃ ተኩል በማይርቅ ውብ ዘፈን ይጀምርና የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ጊታር፣ ቫይብራፎንና ድራም እርስ በርስ በሹክሹክታ የሚፈላለጉበት ያልተጻፈ ጨዋታ ነው። መደማመጣቸው ይደነቃል፤ አድማጩን ግን በር ላይ ትተውታል። በ2009 አልበሙ በአዲስ መልክ ሲቀናበር ፍሪፕና ባልደረባው ስቲቨን ዊልሰን ይህን ክፍል አሳጥረው ማቅረባቸው ብዙ ይናገራል።

የአልበሙን ስም የያዘው መዝጊያ የሲንፊልድ ብርታትም ድክመትም አብረው የሚታዩበት ነው። የዘመኑ ተናጋሪ ድንገት ጠፍቶ የመካከለኛው ዘመን ግቢ ይከፈታል። ጥቁር ንግሥት አለች፤ የእሳት ጠንቋይ አለች፤ እንቢልተኛ፣ አትክልተኛ፣ የከተማ ቁልፍ ጠባቂና ቢጫ የለበሰ አዝማሪ ቀልደኛ አሉ። ጌጡ በዝቷል፤ አንዳንዱ ቀለም ለቀለምነቱ ብቻ የገባ ነው። የቤተ መንግሥት ምስል ለእንግሊዝ ወጣት የተረት መጽሐፍ ነበር፤ ግቢ ምን እንደሆነ፣ ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ በአካል ለሚያውቅ ሕዝብ ግን ይህ ሁሉ ሐር ያን ያህል አያስደንቅም።

ሆኖም ሰሙን አልፎ ወርቁን ለፈለገ ሰው አንድ ትልቅ የተውኔት ብልሃት ይገኛል። ንጉሡ የለም። በአራቱ አንጓዎች ሁሉ ሎሌው፣ ተጫዋቹና ባለሟሉ ይመላለሳሉ፤ ንጉሡ በስሙ ብቻ ይጠራል፤ አንድም ቃል አይናገርም፤ አንድም ነገር ሲያደርግ አይታይም። አዝማቹም ቢሆን ቃል ከሌለው የመዘምራን ድምፅ ቀጥሎ የግቢውን ስም ብቻ ያውጃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ሳይወጣ የሚያልቅ ተውኔት ነው። ሥልጣን እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ባለቤቱ ባይታይም ሁሉም ሰው ለእርሱ ይጨፍራል። በመጨረሻው አንጓ ክሩን የሚስበው ቀልደኛው ነው፤ አሻንጉሊቶቹ ሲጨፍሩ ፈገግ ይላል። ሙዚቃው ያለቀ መስሎ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ልጆች መጫወቻ ያለች ቀጭን የኦርጋን ዜማ ብቻዋን ትመለሳለች፤ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ይከተላታል፤ በድንገትም ይቆረጣል። አሻንጉሊቶቹ ትርዒቱ ካለቀ በኋላም ይጨፍራሉ ማለት ነው።

የሸክላውን ልባስ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሥዕሉን የሠራው የኮምፒዩተር ባለሙያ የነበረው ባሪ ጎድበር ሲሆን፣ አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 1970 በወጣትነቱ ሞቷል። በፊት ለፊቱ ባንዱም አልበሙም በስም አልተጠቀሱም፤ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ቀይ ፊት ብቻ ሸክላውን ሞልቶታል። ልባሱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ፊት በፈገግታ ይቀበለናል። ፍሪፕ እንዳስረዳው የውጭው ስኪዞይዱ ሰው፣ የውስጡ ቀዩ ንጉሥ ነው። ፈገግታውን በእጅ ሸፍኖ ዓይኖቹን ብቻ ያየ ሰው ኀዘን ያገኛል። በዘፈኑ ያልታየው ንጉሥ በካርቶን ላይ ታየ፤ ያውም በውስጠኛው ገጽ።

አሁን ወደ ተራማጅነት ጥያቄ። በ1960ዎቹ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ባንዶች መነሻቸውን ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ወስደው ነበር። ኪንግ ክሪምሰኖች በአብዛኛው ይህን ብድር ትተው ወደ ጃዝና ወደ አውሮፓ ኦርኬስትራ ዞሩ፤ በ1969 ዝግጅቶቻቸው የጉስታቭ ሆልስትን «ማርስ» ይጫወቱ ነበር። ይህ የቅርጽ እርምጃ በዚህ አልበም ውስጥ ሊናገሩት የፈለጉትን ነገር ተከትሎ የመጣ ነው። ጦርነቱ ያንን ጩኸት፣ ሥጋቱ ያንን የቴፕ ኦርኬስትራ ጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናይ ልዩነቱ ይጎላል። በዲሴምበር 1969 ማክዶናልድና ጃይልስ ባንዱን ለቀቁ፤ ሌክም ወዲያው ወደ ሌላ ባንድ ሄደ። በ1970 የወጣው ሁለተኛው አልበም የመጀመሪያውን ንድፍ በቅርብ የተከተለ ነው፤ ኃይለኛው መክፈቻ በቦታው፣ ለስላሳው በፍሉት የታጀበ ዘፈን በቦታው፣ ሜሎትሮኑም በቦታው አለ። ሙያው አልጎደለም። ነገር ግን ቅርጹ ከወለደው አሳብ ተለይቶ ብቻውን ሲደገም ይሰማል፤ ብዙ ሌሎች ባንዶችም ረጅም ዘፈንን፣ የተረት ቤተ መንግሥትንና ሜሎትሮንን ብቻ ቆጥረው ተራማጅ ነን አሉ። ፍሪፕ ይህን ሳይገነዘብ አልቀረም። በ1973 በአዲስ አባላት ሌላ አልበም ሲያወጣ ሳክስፎኑም ሲንፊልድም አብረውት አልነበሩም፤ በእነርሱ ፈንታ ሕያው ቫዮሊን ገብቶ ነበር።